የተዘጋ አንጀትን በወንፊት ቱቦ ስለ መክፈት

በሰው አካል ውስጥ ብዙ ዓይነት መተላለፊያዎች አሉ። ደም፣ አየር፣ ሽንት፣ ሐሞትና ምግብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቧንቧ አላቸው። ከነዚህ ቧንቧዎች አንዱ ሲዘጋ ጤና ይታወካል፤ ለመዳን ያለው ጊዜ ግን እንደ ቧንቧው ዓይነት ይለያያል። የልብ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው በደቂቃና በሰዓት የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ሲኖረው፣ ትልቁ አንጀቱ የተዘጋበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀናት አሉት። እነዚያ ቀናት እንዴት እንደሚያልፉ የሚወስነው ሕመምተኛው የሚገኝበት ከተማ፣ በከተማው ያለው ሐኪምና ሐኪሙ በእጁ የያዘው መሣሪያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በነቀርሳ (ካንሰር) ምክንያት የተዘጋ ትልቁ አንጀት ስቴንት በሚባል የወንፊት ቱቦ እንዴት እንደሚከፈት ነው። ጉዳዩ የባዮሎጂ መምህሩን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የቱቦው አሠራር ፊዚክስ ነው፤ የተሠራበት ብረት ኬሚስትሪ ነው፤ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የኅብረተሰብ ትምህርት ነው። ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ምሳሌ ያደረግነው የሶማሌላንድን ዋና ከተማ ሐርጌሳን ነው። ሐርጌሳ ከጅግጅጋ ብዙ የማትርቅ፣ ኢትዮጵያውያንም የሚኖሩባትና የሚሠሩባት ጎረቤት ከተማ ስለሆነች፣ ስለ እርሷ የምናነሣው ጥያቄ ለእኛም ከተሞች የሚነሣ ነው።

የትልቁ አንጀት አሠራር

ምግብ በትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶና ጠቃሚው ክፍል ወደ ደም ተመጥጦ ካለቀ በኋላ፣ ቀሪው ፈሳሽ ወደ ትልቁ አንጀት (ደንዳኔ) ይገባል። ትልቁ አንጀት በአዋቂ ሰው 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በሆድ ቀኝ ታችኛ ክፍል ዕውር አንጀት ከሚባለው ሰፊ ከረጢት ይጀምርና ወደ ላይ ወጥቶ፣ በሆድ ላይ አግድም ተሻግሮ፣ በግራ በኩል ይወርዳል፤ ከዚያም ተጠማዞ ወደ ፊንጢጣ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ውሃው ወደ ሰውነት ይመጠጣል። ስለዚህ በቀኝ በኩል ፈሳሽ የነበረው ነገር በግራ በኩል ሲደርስ ጠጣር ዓይነ ምድር ይሆናል።

ይህ ቀላል መስሎ የሚታይ ነገር ትልቅ ውጤት አለው። በቀኝ በኩል የበቀለ ዕጢ በሰፊና ፈሳሽ በሚያልፍበት ቦታ ስለሚገኝ ሳይዘጋ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ በሚደርስ የደም ማነስ ነው። በግራ በኩል ግን ቧንቧው ጠባብ፣ የሚያልፈውም ጠጣር ነው። በዚያ የበቀለ ዕጢ እንደ ቀለበት ዙሪያውን እየያዘ ያድግና መተላለፊያውን ያጠብበዋል። በነቀርሳ ምክንያት ከሚደርሰው የትልቁ አንጀት መዘጋት አብዛኛው በግራ በኩል የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ነቀርሳ አዲስ እንደ ተያዙ፣ 900 ሺህ ያህሉም በዚሁ በሽታ እንደ ሞቱ ተገምቷል። በሽታው የሀብታም አገሮች ብቻ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብም ትክክል አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የነቀርሳ ምዝገባ እንዳሳየው፣ በከተማይቱ ወንዶች ላይ ከሚታዩት የነቀርሳ ዓይነቶች ግንባር ቀደሙ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ነቀርሳ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚታከሙት ውስጥም ብዙዎቹ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው።

አንጀት ሲዘጋ የሚሆነው

በዚህ ነቀርሳ ከተያዙት 100 ሰዎች ውስጥ ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት አንጀታቸው ከተዘጋ በኋላ ነው ተብሎ ይገመታል። ምርመራ በማይገኝበት አገር ቁጥሩ ከዚህ ከፍ እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ሆድ ይነፋል፤ ቁርጠት እየመጣ ይመለሳል፤ ዓይነ ምድርም አየርም መውጣት ያቆማል፤ ዘግይቶም ማስታወክ ይከተላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። ዕጢው በግራ በኩል ሆኖ ሳለ አንጀቱ የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል፣ በዕውር አንጀት ላይ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ ወደ ፊት ብቻ የሚያሳልፍ በር አለ። ይህ በር በደንብ የሚሠራ ከሆነ፣ በበሩና በዕጢው መካከል ያለው አንጀት ሁለቱም ጫፎቹ የታሰሩ ከረጢት ይሆናል። በውስጡ ያለው ግፊት በሁሉም ቦታ እኩል ነው። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ግን እኩል አይደለም። ላፕላስ በተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ስም የሚጠራው ሕግ እንደሚለው፣ የግድግዳው ውጥረት ግፊቱ በሬዲየሱ ሲባዛ የሚገኘውን ያህል ነው። ሬዲየሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግራ አንጀትና 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕውር አንጀት በአንድ ዓይነት ግፊት ቢነፉ፣ የዕውር አንጀቱ ግድግዳ የሚሸከመው ውጥረት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። በተነፋ ቁጥር ይሰፋል፤ በሰፋ ቁጥር ውጥረቱ ይጨምራል፤ ውጥረቱ ሲጨምር በግድግዳው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታፈናሉ። ሐኪሞች በራጅ ሥዕል ላይ የዕውር አንጀቱ ስፋት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ የሚሰጉት ለዚህ ነው። ግድግዳው ከተቀደደ ዓይነ ምድር ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ሞት እጅግ ቅርብ ነው።

ሁሉም መዘጋት ነቀርሳ አይደለም

በአውሮፓና በአሜሪካ የትልቁ አንጀት መዘጋት ዋና ምክንያት ነቀርሳ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን ለብዙ ዘመን ከሁሉ በላይ የታየው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም በግራ ታችኛ በኩል ያለው ረጅም የአንጀት ክፍል በራሱ ላይ መጠምዘዙ ነው። ይህ በሽታ በአብዛኛው ወንዶችን ይይዛል። የተጠመዘዘ አንጀት ገና ካልሞተ፣ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል መመልከቻ መሣሪያ አስገብቶ በመሣሪያው ውስጥ ለስላሳ ቱቦ ያሳልፋል። የታመቀው አየርና ፈሳሽ በኃይል ይወጣል፤ ሆድም ይተነፍሳል። ኖርዌያዊው ቀዶ ሐኪም ብሩስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1947 ውጤቱን በዝርዝር ካሳተመ ወዲህ ይህ ዘዴ በብዙ አገር የታወቀ ሆኗል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆድ ሳይቀደድ ከታች በኩል ገብቶ አንጀትን ማስተንፈስ፣ ከዚያም ሕመምተኛው ከተረጋጋ በኋላ በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚለው አሳብ ለአገራችን ሐኪሞች አዲስ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ስቴንት ይህንኑ አሳብ ነቀርሳ ወደ ዘጋው አንጀት ያመጣ መሣሪያ ነው። ልዩነቱ የተጠመዘዘ አንጀት ሲፈታ ክፍት ሆኖ መቆየት መቻሉ፣ በዕጢ የታፈነ አንጀት ግን ደግፎ የሚይዘው ነገር የሚያስፈልገው መሆኑ ነው።

የቀድሞው ሕክምና

ከስቴንት በፊት የነበረው መፍትሔ፣ ዛሬም ቢሆን በአብዛኛው ዓለም ያለው መፍትሔ፣ ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 ፒሎር የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ፊንጢጣው በነቀርሳ የተዘጋበትን አንድ ሕመምተኛ ሆድ ከፍቶ ዕውር አንጀቱን ከቆዳው ጋር አገናኘለት። ቀዳዳው እንደታሰበው ሠራ። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት መዘጋቱን በክብደቱ ይገፋል ተብሎ ሕመምተኛው በብዛት የጠጣው ሜርኩሪ አንጀቱን ጎድቶት ስለነበር፣ ከ28 ቀን በኋላ ሞተ። በሆድ ላይ ሰው ሠራሽ የዓይነ ምድር መውጫ የማበጀት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ አካባቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1921 ሌላው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም አንሪ ሃርትማን እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዘዴ አስተዋወቀ። በዚህ ዘዴ ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ የታችኛው ጫፍ ይሰፋል፤ የላይኛው ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ይወጣል። ወራት ካለፉ በኋላ ሁለቱን ጫፎች እንደገና ማገናኘት ይቻላል። ነገር ግን ብዙዎች በዕድሜ፣ በሕመማቸው መጽናት ወይም በገንዘብ ማጣት ምክንያት ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሳይመለሱ ይቀራሉ።

በጭንቀት ሰዓት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በቀጠሮ ከሚደረገው ይልቅ ለሕይወት እጅግ አስጊ ነው። ሕመምተኛው ውሃ አልቆበታል፤ ለቀናት አልበላም፤ አንጀቱ ተነፍቶና ሳስቶ ስፌት በደንብ አይዝም፤ ብዙውን ጊዜም ዕድሜው የገፋ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ሲመኙት የኖሩት፣ ይህን አጣዳፊ ቀዶ ሕክምና ወደ ቀጠሮ የሚለውጥ መላ ማግኘት ነበር።

የስቴንት ምንነት

ስቴንት የሚለው ስም የመጣው ቻርልስ ስቴንት ከተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1856 የጥርስን ቅርጽ ለመውሰድ የሚያገለግል የተሻሻለ ውሁድ ነገር ሠራ። ኋላ ቀዶ ሐኪሞች ሕብረ ሕዋሳትን ደግፎ ለመያዝ በዚሁ ነገር ስለተጠቀሙ፣ ስሙ ደግፎ ለሚይዝ መሣሪያ ሁሉ ተረፈ። በልብ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ለትልቁ አንጀት መዋል የጀመረው ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ቴሄሮ የተባሉ የስፔይን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስቴንትን እስከ ቀዶ ሕክምና ቀን የሚያሻግር ድልድይ አድርገው መጠቀማቸውን አሳተሙ።

ለአንጀት የሚሆነው ስቴንት ከቀጫጭን የብረት ክሮች የተጠለፈ ቱቦ ነው፤ ለዓይን የሚመስለው ወንፊት ተጠቅልሎ ነው። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ናይቲኖል የሚባለው የኒኬልና የታይታንየም ውሁድ ሲሆን፣ የሁለቱ አተሞች ብዛት ወደ እኩል የተጠጋ ነው። ናይቲኖል እ.ኤ.አ. በ1959 ዊልያም ቢውለር በተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ሲጠና የተገኘ ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ንጥረ ነገሮችና ከላቦራቶሪው ስም የተውጣጣ ነው። የዚህ ብረት ልዩ ጠባይ ቅርጹን ማስታወሱ ነው። በሰውነት ሙቀት በብርቱ ቢታጠፍ ወይም ቢጨመቅ አይሰበርም፤ ሲለቁትም ወደ ተሠራበት ቅርጽ ይመለሳል። ስለዚህ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ስቴንት ጨምቆ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ቀጭን ማስገቢያ ውስጥ መክተት ይቻላል።

ስቴንቱ እንዴት ይገባል?

ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ በመጀመሪያ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ምግብ ይከለከላል፤ ካስፈለገም በአፍንጫው በኩል ወደ ጨጓራው ቱቦ ይገባል። በራጅ፣ የሚቻል ከሆነም በሲቲ ስካን፣ መዘጋቱ የት እንደሆነና አንጀቱ አለመቀደዱ ይረጋገጣል። አንጀቱ ተቀድዶ ከሆነ ስቴንት አይታሰብም፤ ሆድ መከፈት አለበት። ከዚህ በኋላ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይካሄዳል።

1ኛ/ ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበትን ተጣጣፊ መመልከቻ (ኢንዶስኮፕ) በፊንጢጣ አስገብቶ እስከ ዕጢው ድረስ ይደርሳል።

2ኛ/ ለስላሳ ጫፍ ያለው ቀጭን ሽቦ በዕጢው መካከል በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋል። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ረጭቶም የጠበበውን ቦታ ርዝመት ይለካል።

3ኛ/ የተጨመቀውን ስቴንት የያዘውን ማስገቢያ በሽቦው ላይ እያንሸራተተ ዕጢውን ያሻግረዋል። ስቴንቱ በሁለቱም ጫፎች ከዕጢው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለፍ አለበት።

4ኛ/ በራጅ መስኮት እያየ ማስገቢያውን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ይስበዋል። ስቴንቱ ነፃ እየወጣ ይከፈታል። ወዲያውኑ አየርና ፈሳሽ ዓይነ ምድር መውጣት ከጀመረ ሥራው ሠምሯል ማለት ነው።

ስቴንቱ ሙሉ ስፋቱን የሚያገኘው ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለማፍጠን ብሎ በፊኛ መንፋት አንጀቱን ሊቀድድ ስለሚችል አይመከርም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንጨምር። በዕጢው መካከል የቀረው ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ስቴንቱ 25 ሚሊ ሜትር ቢከፈት፣ ስፋቱ በአምስት እጥፍ፣ የመተላለፊያው የወለል ስፋት በ25 እጥፍ ያድጋል። ለወጥ ፈሳሽ በሚሠራው በፕዋዜይ ሕግ ቢታሰብ ደግሞ ፍሰቱ በሬዲየሱ አራተኛ ርቢ መጠን ስለሚያድግ 625 እጥፍ ይሆናል። ዓይነ ምድር ወጥ ፈሳሽ ስላልሆነ ቁጥሩ እንዳለ አይወሰድም። ሆኖም ትንሽ መከፈት ትልቅ እፎይታ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ፣ ስቴንት ያለበት ሰውም ዓይነ ምድሩ እንዲለሰልስ ለምን እንደሚመከር በግልጽ ያስረዳል።

ጥቅሙና ጉዳቱ

ልምድ ባላቸው እጆች ከ10 ሙከራ ዘጠኙ ያህል ስቴንቱን በቦታው በማስቀመጥ ይፈጸማል። ጉዳት የለበትም ማለት ግን አይደለም። ሽቦው ወይም ስቴንቱ ራሱ አንጀቱን ሊቀድድ ይችላል። ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ዕጢውም በወንፊቱ ቀዳዳዎች መካከል እየበቀለ እንደገና ሊዘጋው ይችላል። ወደ ፊንጢጣ መጨረሻ እጅግ የቀረበ ዕጢ ላይ ከተቀመጠ ሕመምና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር አለመቻል ያስከትላል። ቤቫሲዙማብ የመሰለ፣ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል የሚከለክል የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የመቀደድ አደጋው ይብሳል።

ሳይንስ ስለ አንድ መሣሪያ አስተያየቱን እንዴት እንደሚያስተካክል ለተማሪዎች ለማሳየት የስቴንት ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኔዘርላንድ በ98 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ስቴንት ከአጣዳፊ ቀዶ ሕክምና የተሻለ ሆኖ ስላልተገኘና ችግር ስለታየበት ሳይፈጸም ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ የጨጓራና የአንጀት መመልከቻ ሐኪሞች ማኅበር ስቴንትን ከቀዶ ሕክምና በፊት እንደ መደበኛ ድልድይ መጠቀምን አልመከረም። በብሪታንያ 245 ሕመምተኞችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ግን፣ በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት እንደሌለ፣ በሆድ ላይ መውጫ የሚበጅላቸው ሰዎች ቁጥር ግን በአጣዳፊ ቀዶ ሕክምና ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሆን በስቴንት ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አሳየ። ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያውን አሻሽሎ፣ በግራ በኩል ለተዘጋ አንጀት ስቴንት ከሕመምተኛው ጋር ተመካክሮ የሚመረጥ አንዱ አማራጭ መሆኑን ተቀብሎ ነበር።

ነቀርሳው ተሰራጭቶ ለመዳን ተስፋ ለሌለው ሰው ፍርዱ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የቀሩትን ወራት ከቁስልና ከአልጋ ይልቅ ከቤተሰቡ ጋር እንዲያሳልፍ ስቴንት ይመረጣል። ያልተዘጋ አንጀት ላይ ለጥንቃቄ ብሎ ስቴንት ማስገባት ግን አይመከርም።

በሐርጌሳ ቢሆንስ?

አሁን አንድ የ55 ዓመት ነጋዴ በሐርጌሳ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ዓይነ ምድርም አየርም ሳይወጣው ሆስፒታል ደረሰ እንበል። ምን ይጠብቀዋል?

ከተማይቱ ሕክምናን የማታውቅ አይደለችም። የሐርጌሳ አጠቃላይ ሆስፒታል የተከፈተው በብሪታንያ ጥበቃ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በተደረገው ጦርነት ከተማይቱ በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ ፈረሰች፤ ሕዝቧም አብዛኛው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ሆስፒታሎችን ማቋቋም የተጀመረው ከፍርስራሽ ነው ማለት ይቻላል። አዋላጇ ነርስ ኤድና አደን ኢስማኢል የጡረታ ገንዘባቸውንና ያላቸውን ንብረት አውጥተው በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል በሐርጌሳ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከዚያ ወዲህ በአሙድና በሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪሞች እዚያው አገር ውስጥ መመረቅ ጀምረዋል።

ስለዚህ የነጋዴውን ሆድ ከፍቶ ሕይወቱን ማትረፍ የሚችል ቀዶ ሐኪም ማግኘት ይቻላል። ስቴንት ለማስገባት ግን አምስት ነገሮች በአንድ ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር መገናኘት አለባቸው። እነርሱም ሀ/ የሚሠራ የአንጀት መመልከቻ፤ ለ/ በሥራው ላይ የሚያሳይ የራጅ መስኮት፤ ሐ/ በዚህ ሙያ የሠለጠነና እጁ የለመደ ሐኪም፤ መ/ በተለያየ ርዝመት የተዘጋጁ፣ ጊዜያቸው ያላለፈ ስቴንቶች፤ ሠ/ አንጀት ቢቀደድ ወዲያውኑ ሆድ የሚከፍት የቀዶ ሕክምና ቡድን ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል አራቱ ዋጋ የላቸውም። የአንዱ ስቴንት ዋጋ ብቻ ከብዙ መቶ እስከ ከአንድ ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል።

ነጋዴው ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድስ? የሐርጌሳ ሕሙማን ለከባድ ሕመም ወደ ውጭ አገር መሄድ የለመዱት ነገር ነው፤ አንዱ መንገድም በቶጎ ውጫሌና በጅግጅጋ አልፎ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ነው። ከጅግጅጋ እስከ አዲስ አበባ ብቻ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመንገዱ ርዝመት ሳያንስ የከፍታው ነገር ይጨመርበታል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በቦይል ሕግ መሠረት የውጭው ግፊት ሲቀንስ የታሰረ አየር ይሰፋል። ከሐርጌሳ አዲስ አበባ ሲደረስ በከረጢት ውስጥ የታሰረ አየር በ14 በመቶ ያህል ሊሰፋ ይችላል። በጤነኛ ሆድ ይህ ምንም አይደለም። ግድግዳው ሊቀደድ በደረሰ ዕውር አንጀት ውስጥ ግን ጉዞው ራሱ አደጋ ነው። ከዚህ ላይ የሚደርሰው መደምደሚያ አሻሚ አይደለም። ለዚህ ነጋዴ በዚያች ቀን ትክክለኛው ሕክምና ስቴንት ፍለጋ መንከራተት ሳይሆን፣ በቅርቡ ባለው ቀዶ ሐኪም እጅ በሆዱ ላይ መውጫ ማበጀት ነው። ስለ ዕጢው ኋላ ይታሰባል፤ ወደ አዲስ አበባም ያን ጊዜ ተረጋግቶ ይሄዳል።

ይህን የሚያደናቅፈው ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። በሆዴ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሜ እንዴት መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እንዴት ከሰው እቀላቀላለሁ የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። በእስልምና ሕግ የሚወጣውን ነገር መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ለየሰላቱ ዉዱ አድርጎ መስገድ እንደሚችል ዑለማእ ያስተምራሉ። በሚገባ የተጣበቀ ከረጢት ሽታ አያወጣም፤ በልብስ ሥርም አይታይም። ነገር ግን ከረጢቱ ያለማቋረጥ መገኘት፣ ቆዳውን የሚያጸዳ ውሃ መኖር፣ አያያዙንም የሚያስተምር ነርስ መኖር አለበት። ስለ ስቴንት የሚያስብ ሆስፒታል አስቀድሞ ስለ ከረጢቱ ማሰብ ይገባዋል።

ስቴንት ለአፍሪካ የማይሆን ነገር ነው ማለታችን ግን አይደለም። በኬንያ ቦሜት የሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ ለያዛቸውና ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ ላቃታቸው ብዙ መቶ ሕሙማን ስቴንት አስገብቷል፤ ያውም የራጅ መስኮት ሳይጠቀም በመመልከቻ ብቻ የሚሠራበትን ዘዴ ለምዶ ነው። የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ በኢትዮጵያ በተለይ በአርሲና በባሌ፣ እንዲሁም በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ በብዛት የሚታይ ስለሆነ፣ የስቴንት ሥራ በአካባቢያችን ሥር የሚሰድደው በዚህ በኩል ይመስለናል። የምግብ ቧንቧ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ሥራው ከአንጀቱ ይቀልላል። በዚያ እጁን የፈታ ሐኪም ወደ አንጀቱ ለመሻገር መሠረት አለው።

ከትምህርት ቤት ምን ይጠበቃል?

ከሁሉ የሚበልጠው ስቴንትም አጣዳፊ ቀዶ ሕክምናም የማያስፈልግበት ደረጃ ላይ በሽታውን ማግኘት ነው። የትልቁ አንጀት ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከትንሽ ጉዳት የለሽ ቡቃያ ሲሆን፣ ወደ ነቀርሳ እስኪለወጥ 10 ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሰውነት ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ከዓይነ ምድር ጋር ደም መታየቱ፣ የዓይነ ምድር ልማድ ሳምንታት ለሚቆይ ጊዜ መለወጡ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስና ክብደት መቀነስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በአገራችን ግን ደም ያየ ሰው ኪንታሮት ነው ብሎ በዝምታ ያልፈዋል፤ ወይም በማፈር ለቤተሰቡ እንኳ አይናገርም። ደሙ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ መሆኑን የሚያውቀው ግን ያየው ሐኪም ነው። ተማሪ ይህን ተምሮ ለአባቱ፣ ለአጎቱ ወይም ለእናቱ ቢናገር፣ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ለክፍል ውይይትና ሙከራ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1/ ረጅም ፊኛ በግማሽ ነፍታችሁ አፉን እሰሩ። ፊኛውን ከታሰረው አፍ በኩል ስትጫኑት የትኛው ክፍል ይሰፋል? የነፋው ወይስ ያልነፋው? ውጤቱን ከላፕላስ ሕግ ጋር አገናኝታችሁ የዕውር አንጀትን መፈንዳት አስረዱ።

2/ በዕጢ የጠበበ ቀዳዳ ከ4 ሚሊ ሜትር ወደ 24 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የመተላለፊያው የወለል ስፋት በስንት እጥፍ ያድጋል?

3/ የአየር ግፊት በሐርጌሳ 866፣ በአዲስ አበባ 761 ሄክቶፓስካል ያህል ነው ብንል፣ በሐርጌሳ 1 ሊትር የነበረ የታሰረ አየር በአዲስ አበባ ስንት ሊትር ይሆናል?

4/ አንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ያለው ገንዘብ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚገዛ ቢሆን፣ ማለትም የስቴንት ሥራ ማስጀመሪያ መሣሪያ፣ የሰው ሠራሽ መውጫ ከረጢቶችና የነርስ ሥልጠና፣ ወይም በዓይነ ምድር ውስጥ የተደበቀ ደም መመርመሪያ፣ የትኛውን ታስቀድማላችሁ? ምክንያታችሁን በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩበት።